ጠቅላላ ዕውቀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁና ብዙ ጊዜ በግማሽ የሚመለሱ ጥያቄዎች

ሰንበት ትምህርት ቤት ይሁን መድረሳ፣ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሁን በዲሲ ወይም በዱባይ የሚዘጋጅ የበዓል ዝግጅት፣ የጥያቄና መልስ ውድድር አይጠፋም። ጥያቄዎቹም ይመሳሰላሉ። ጭቅጭቁም እንደዚያው።

ጭቅጭቁ የሚነሳው ተወዳዳሪው ስላላወቀ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው። «የመጀመሪያው ማን ነው?» ይባላል፣ ከእነማን መካከል እንደሆነ ግን አይነገርም። ዓመት ይጠየቃል፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይገለጽም። ስለዚህ እዚህ መልሱን ከነምክንያቱ አስቀምጫለሁ። በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ የሆነውን እ.ኤ.አ. ብዬ ለይቻለሁ።

የአድዋ ድል ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2?

ውጭ አገር ካሉ ቤተሰቦች በጣም የሚመጣ ጥያቄ ነው። ልጆች መጽሐፍ ከፍተው ማርች 1 ቀን 1896 የሚል ያገኛሉ። በዓሉ የሚከበረው ግን ማርች 2 ነው። ማን ተሳሳተ?

ማንም አልተሳሳተም። ጦርነቱ የተካሄደው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የካቲት 23 የዋለው ማርች 1 ላይ ነበር። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ አንድ ቀን ይጨምራል። የፈረንጆቹ ግን መቶኛው ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ጭማሪውን ይዘለዋል። 1900 እ.ኤ.አ. ከተዘለሉት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። 2000 ለ400 ስለሚካፈል ምንም አልተለወጠም። 2100 ላይ ግን እንደገና ይዘለላል። ያኔ አድዋ ማርች 3፣ ከዚያ በኋላ ያለው ገናም ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል ማለት ነው።

ስለዚህ ለልጆች ቀኑን ስታስተምሩ የካቲት 23ን አስይዟቸው። እሱ አይንቀሳቀስም።

ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው መቼ ነው?

በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ። ማወቂያው ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 2015ን ብንወስድ 7515 ይመጣል፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። በእርግጥም በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ነበረች። ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 2016ም የገባው በሴፕቴምበር 12 ነው።

የአድዋ ጦርነት በአንድ ቀን ነው ያለቀው?

ውጊያው አዎ፤ ከንጋት ጀምሮ በዚያው ቀን ተፈጸመ። ዘመቻው ግን ወራት ወስዷል። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የሻለቃ ቶሴሊ ጦር ተደመሰሰ። ከዚያ የመቀሌ ምሽግ ተከበበ። ምሽጉ ጠንካራ ስለነበር በቀጥታ መውጋቱ ብዙ ሰው አስፈጀ። እቴጌ ጣይቱ የጠላትን የውሃ ምንጭ ማስያዝ የሚለውን ብልሃት ያመጡት እዚህ ላይ ነው። ውሃ የተነፈገው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር ምሽጉን ለቆ ወጣ።

«የኢጣሊያ አዛዥ ማን ነበር?» ሲባል መልሱ ጄኔራል ባራቲየሪ ነው። በእሱ ሥር አራት ጄኔራሎች ነበሩ። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ አድዋ ላይ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ፤ ኤሌና አመለጠ። በእኛ በኩል ከወደቁት መካከል ፊታውራሪ ገበየሁንና ደጃዝማች ባሻህ አቦዬን ሳይጠራ የሚያልፍ ጥያቄ አዘጋጅ ያሳዝነኛል። የጠላትን ጄኔራሎች ስም የሚያውቅ ልጅ የእነሱንም ማወቅ አለበት።

ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም ከተባለ አምስቱ ዓመት ምንድን ነው?

ወረራ ነው። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ቀኑ አንድ ነው፤ የአርበኞች ቀን በሚያዝያ 27 የሚከበረውም ለዚህ ነው። በእነዚያ ዓመታት አርበኞች በየጫካው መዋጋታቸውን አላቆሙም፤ ከትልልቅ ከተሞችና ከዋና መንገዶች ውጭ ጠላት ተረጋግቶ አላስተዳደረም። «አልተገዛችም» የሚለው መልስ የሚቆመው በእነሱ ተጋድሎ ነው። ስለዚህ መልሱን ስትሰጡ አርበኞችን ጨምሩበት።

የመኳንንት ማዕረግ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው?

ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲወርድ በጥቅሉ ንጉሠ ነገሥት፣ ንጉሥ፣ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ባላምባራስ ነው። ቢትወደድ የሚባለው ደግሞ ለቅርብና ለታማኝ ሰው የሚሰጥ ሲሆን፣ «ራስ ቢትወደድ» ሲሆን ከተራው ራስ ከፍ ይላል።

አብዛኞቹ የጦር ሜዳ ስሞች ናቸው። ፊታውራሪ ፊት የሚመራው፣ ቀኛዝማች በቀኝ የሚዘምተው፣ ግራዝማች በግራ የሚዘምተው ነው። ሰልፉን በዓይነ ሕሊናችሁ ካያችሁት ቅደም ተከተሉን አትረሱትም። ከጦሩ ውጭም ብዙ ነበሩ። ነጋድራስ የነጋዴውና የቀረጡ አለቃ ነው። አፈ ንጉሥ በንጉሡ ስም የሚፈርድ ዋና ዳኛ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ደብዳቤና ማኅተም ይይዛል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ማዕረግና ሥልጣን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መቻል፣ በቅጽል ስማቸው አባ መላ፣ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በዘውዲቱም ዘመን ያለ እሳቸው ምክር ትልቅ ነገር አይወሰንም ነበር። ብዙ ራሶች ይፈሯቸው ነበር። እሳቸው ግን በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ፊታውራሪ ነበሩ። «ከራስ የሚበልጥ ፊታውራሪ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አዘጋጅ ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል።

የፈረስ ስም ካነሳን አይቀር፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ።

እቴጌና ንግሥት አንድ ናቸው?

አይደሉም። እቴጌ የምትባለው የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ናት። ጣይቱ እቴጌ ናቸው፤ መነንም እቴጌ ናቸው። ዘውዲቱ ግን በራሳቸው የነገሡ ናቸው፤ ማዕረጋቸው ንግሥተ ነገሥታት ነው። ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ነገሡ፤ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነበሩ። ዘውዲቱ ሲነግሡ ከባለቤታቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ ተለያዩ። ራስ ጉግሣ በአንቺም ጦርነት ወደቁ፤ ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። «ንግሥት ጣይቱ» ተብሎ የተጻፈ ጥያቄ ባያችሁ ቁጥር አርሙት።

ራስታዎች ስማቸውን ያገኙት ከየት ነው?

ከማዕረግና ከስም። ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ራስ ተፈሪ ይባሉ ነበር። ጃማይካ ውስጥ ንግሣቸውን እንደ ትንቢት ፍጻሜ ያዩ ሰዎች እምነታቸውን በዚያ ስም ጠሩት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነበሩ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ የተቀበላቸው ሕዝብ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆት ነበር። ራስታዎች ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብሩታል።

አትሌቶቻችን ለምን ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ኮሎኔል ይባላሉ?

ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻምበል ማሞ ወልዴ፣ ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ። ምክንያቱ የክለቦቹ ታሪክ ነው። ለረጅም ጊዜ አትሌት ደመወዝ እያገኘ፣ አሠልጣኝ ኖሮት መሮጥ የሚችለው በጦሩ፣ በአየር ኃይሉ፣ በፖሊስ ወይም በማረሚያ ቤት ክለብ ውስጥ ነበር። አበበና ማሞ ከክብር ዘበኛ ናቸው፤ ምሩፅ ከአየር ኃይል። ሲያሸንፉ ሹመት ያገኛሉ። ደጃዝማችና ፊታውራሪ በ1960ዎቹ ማብቂያ ከአብዮቱ ጋር ቀሩ። የሯጮቹ ማዕረግ ግን ሕዝቡ አፍ ላይ ቀረ።

አበበ ቢቂላ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው?

የመጀመሪያው *ጥቁር* አፍሪካዊ ነው። ይህችን ቃል መዝለል መልሱን ያበላሸዋል። ከእሱ በፊት በ1912 እ.ኤ.አ. ማራቶንን ለደቡብ አፍሪካ ያሸነፈ ማክአርተር የሚባል ነጭ ሯጭ ነበር። አልጄሪያ የተወለዱት ኤል ኡዋፊ በ1928፣ ሚሙን በ1956 ማራቶንን አሸንፈዋል፤ ያሸነፉት ግን ለፈረንሳይ ነው። ቃሏን ስትጨምሩ የአበበ ክብር ከቶ አይቀንስም።

ውድድሩ የተካሄደው ሮም ላይ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ ሲሆን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር አለቀ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛ የወጣው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነው። አንደኛም ሁለተኛም አፍሪካዊ!

ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ የሚገዛለት ጠፍቶ አይደለም። ያገኘው አዲስ ጫማ አልተመቸውም፤ ያለ ጫማ መሮጥ ደግሞ ለምዷል። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። መንገዱ ኢጣሊያ በወረራው ጊዜ ከወሰደችው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። አበበ ተቀናቃኙን ጥሎ የሄደው በዚያ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሩጫ በተወራ ቁጥር ልቤን የሚነካኝ ይህ ነው። ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሆን አክሱም ላይ ተተክሎ የተመረቀው በ2008 ነው።

ቶኪዮ 1964 ላይ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ በጫማ ሮጠ። 2፡12፡11 ገባ። ተከታዩ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰው። ኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው አበበ ነው፤ እዚህ ላይ ምንም ማብራሪያ አያስፈልግም።

ከሴቶችስ የመጀመሪያዋ ማን ናት?

ደራርቱ ቱሉ፤ ባርሴሎና 1992፣ 10,000 ሜትር። እዚህም «ጥቁር አፍሪካዊት» ማለት ያስፈልጋል፤ ሞሮኳዊቷ ናዋል ኤል ሙተዋከል በ1984 በ400 ሜትር መሰናክል አሸንፋለች። ደራርቱ በሲድኒ 2000 ደገመችው። በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ደግሞ ፋጡማ ሮባ ናት፤ አትላንታ 1996። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስንት ጊዜ ወሰደች?

አንድ ጊዜ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። መንግሥቱ ወርቁ የዚያ ቡድን ኮከብ ነው። ተካፋዮቹ አራት አገሮች ብቻ ስለነበሩ ዋንጫው የተወሰደው በሁለት ጨዋታ ነው፤ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ቱኒዚያም 4 ለ 2 ተሸንፋለች። ከ1982 እ.ኤ.አ. በኋላ የተመለስነው በ2013 ነው፤ ከ31 ዓመት በኋላ። ይድነቃቸው ተሰማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. መርተዋል።

የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ማን ናቸው?

አቡነ ባስልዮስ፤ በ1951 ዓ.ም.። «የመጀመሪያው ጳጳስ» ከተባለ ግን መልሱ ይለወጣል። የመጀመሪያው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ፍሬምናጦስ ናቸው፤ በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ጊዜ። ከዚያ በኋላ ለ1,600 ዓመት ገደማ ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነበር። ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተሾሙት በ1921 ዓ.ም. ነው። ከእነዚያ አንዱ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት የተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው።

ፓትርያርኩ ዛሬም «ሊቀ ጳጳስ ዘአክሱም ወእጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት» ይባላሉ። እጨጌ የደብረ ሊባኖስ አበምኔት ማዕረግ ነበር። ጳጳሱ ግብፃዊ በነበረበት ዘመን ከኢትዮጵያውያን ካህናት ትልቁ ሹመት እሱ ነበር።

በመጀመሪያው ሒጅራ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ሐበሻ መጥተዋል?

አልመጡም። የላኩት ተከታዮቻቸውን ነው፤ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ። ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል ልጃቸው ሩቅያና ባለቤቷ ዑስማን ኢብን ዐፋን ነበሩ። በንጉሡ ፊት ቆሞ ከሱረቱ መርየም ያነበበው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ነው። ንጉሡ ነጃሺ ሲያርፉ ነቢዩ በሌሉበት ሰላተል ጃናዛ ሰግደውላቸዋል። የሒጅራ ዓመት አቆጣጠር የሚጀምረው ግን ከመዲናው ስደት፣ ከ622 እ.ኤ.አ. ነው። ቢላል ኢብን ረባህም ሐበሻዊ ይባላሉ እንጂ የተወለዱት መካ ነው፤ እናታቸው ሐማማ ናቸው ከሐበሻ።

ዐቢይ ጾም 40 ቀን ነው ወይስ 55?

ጌታ የጾመው 40 ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን 8 ቀን ጾመ ሕርቃል ከፊት፣ 7 ቀን ሕማማት ከኋላ ይጨመርና 55 ይሆናል። ሕርቃል ከፋርስ እጅ መስቀሉን ያስመለሰው የቢዛንታይን ንጉሥ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት ይጾማል እንጂ ከእህል አይከለከልም። ከዓመቱ ቅዳሜዎች ከእህልም የሚጾመው ቅዳም ስዑር ብቻ ነው።

ሉሲ ትበልጣለች ወይስ ሰላም?

ሰላም ትበልጣለች፤ ምንም እንኳ «የሉሲ ልጅ» ቢሏት። ሉሲ፣ ማለትም ድንቅነሽ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሰላምን ያገኘው በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ነው፤ ዲኪካ ላይ፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት። ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች። አርዲ የምትባለው ቅሪተ አካል ከሁለቱም ትቀድማለች፤ 4.4 ሚሊዮን።

ቡናን ካልዲ ነው ያገኘው?

የካልዲና የፍየሎቹ ታሪክ ተረት ነው። ጽሑፍ ላይ የወጣው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ነው። እርግጠኛው ነገር ከተረቱ ይበልጣል፦ አረቢካ ቡና መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። አፍልቶ መጠጣቱ ግን በሰነድ ጎልቶ የሚታየው በ15ኛው መቶ ዘመን የመን ውስጥ፣ ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር ሲጠጡት ነው። ስኒዎቹ በቅደም ተከተል አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

በርበሬ የኛ ነው?

ተክሉ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ። ይህን ስነግራቸው የሚከራከሩኝ ብዙ ናቸው። የአክሱም ነገሥታት ቀይ ወጥ አልበሉም ማለት ነው። በቆሎ፣ ድንችና ቲማቲምም በዚያው መንገድ የመጡ ናቸው። የኛ የሆነው ኮረሪማ ነው። ቅመማው፣ አደላለዙ፣ ድልሁና አዋዜው ደግሞ የኢትዮጵያ እናቶች ሥራ ነው። ይህንን ማንም አይወስድባቸውም።

እንሰት ፍሬው ይበላል?

አይበላም። ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ግንዱና ሥሩ ነው። ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላና ቆጮ ይሆናል፤ ከሚጨመቀው ውሃ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። ቃጫውም ይሸጣል። ተክሉ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ በዱር ይበቅላል፤ አልምቶ ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ጌዴኦ፣ ከፋና ሌሎችም በድርቅ ዓመት የሚተርፉት በእሱ ነው፤ ዝናብ ቢዘገይም እንሰት ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

የዶሮ ብልት ስንት ነው?

አሥራ ሁለት። ዕንቁላሉም እንደ ብልቱ ቁጥር ይቀቀላል።